መጋቤ ሶኬት ጸዳለ

በየሰፈሩ አንድ እውነት የማትውጥ ሴት አለች። እናንተ ሰፈር የለችም ካላችሁ ወይ ገና አልመጣችም፣ ወይ ያቺ ሴት እናንተው ናችሁ። ሙሽራዋን "ታምሪያለሽ" ከማለቷ በፊት የቀሚሷ ዚፕ መከፈቱን የምትናገር፣ ለቅሶ ቤት ገብታ ድንኳኑ በየት በኩል እንደሚያፈስ የምታሳይ፣ ወጡ ጨው እንደበዛበት እየመሰከረች ሁለቴ የምታስጨምር ዓይነት ናት። ክፋት የላትም። ክፋት ቢኖራት ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው መሸሽ ይቻላል።

"እውነት ተናግረህ ከመሸበት እደር" ይላሉ አባቶች። አባቶች ቤት ተከራይተው፣ ሥራ ፈልገው አያውቁም ማለት ነው። ደብረ ታቦር ላይ እውነት ተናግሮ የመሸበት ሰው ብርዱ ብቻውን ይበቃዋል።

እኔ ፈንታነሽ እባላለሁ። ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ወለል ስወለውል የኖርኩ ሴት ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ወለሉ ግን ንጹሕ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የተማርኩት ነገር ቢኖር አለቃ ሲናገር መወልወያውን ይዞ ዝም ማለትን ነው። እንግዲህ ጸዳለን የመሰለች ሰው ጎረቤት ስትሆነኝ ምን እንደተሰማኝ አስቡት።

ጸዳለ ደምሴ ከእብናት የመጣችው መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ነው። አንድ ሻንጣ፣ አንድ የመፍቻ ከረጢትና በላስቲክ የተጠቀለለ የኮምፒዩተር ጥገና ዲፕሎማ ይዛ፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ግቢያችን ከጎኔ ያለችውን ክፍል ተከራየች። በገባችበት ቀን ለአከራያችን ለእማማ ዓለሚቱ "ግድግዳው እርጥበት አለበት፤ የምከራየው ሌላ ስላላገኘሁ ነው" አለቻቸው። እማማ ያን ቀን ራታቸውን አልበሉም።

ጠባይዋ ከየት እንደመጣ የገባኝ ቆይቶ ነው። አባቷ አቶ ደምሴ በእብናት ገበያ የታወቁ የከብት ነጋዴ ናቸው። የታወቁትም ገዢ ሳይጠይቃቸው የበሬውን ጉድለት በመናገር ነው። "ይህ በሬ ጉልበት አለው፤ ግራ ዓይኑ ግን ይፈዛል። እያወቅህ ግዛ" ይላሉ። ሰውም እያወቀ ይገዛቸዋል። ጸዳለ ከእሳቸው ጎን ቆማ ስላደገች፣ ዓለም ሁሉ ጉድለቱ ሲነገረው የሚያመሰግን መሰላት። ደብረ ታቦር ግን የከብት ገበያ ብቻ አይደለችም፤ ቢሮም አላት።

ሌላ ጠጋኝ የተበላሸ ዕቃ ሲሰጡት መጀመሪያ ከንፈሩን ይመጥጣል። እንደ ሐኪም ዝም ይላል። ከዚያ "ይሄማ ከብዷል" ይልና ልባችሁን ያወርደዋል። ጸዳለ አንዴ ታገላብጥና "ምንም አልሆነም" ትላለች። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ሰው የሚቀየመው በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ነው።

የእማማ ዓለሚቱ ቴሌቪዥን በረዶ ብቻ ማሳየት ጀምሮ ነበር። ጸዳለ ጣሪያውን ቀና ብላ አየችና "እማማ፣ ዲሹ ምንም አልሆነም። ብርድ ልብስ አስጥተውበት ነው" አለች።

የእኔ የስልክ ቻርጀር እንቢ ሲል ደግሞ "እትዬ ፈንታነሽ፣ ምንም አልሆነም። ገመዱን እየጎተቱ ስለሚነቅሉት ነው፤ ራሱን ይዘው ይንቀሉ" አለችኝ። እያለችም የተላጠውን ቦታ በቀይ ፕላስተር ጠቀለለችው፤ የቆሰለ ጣት መሰለ። ሁለት ቀን አኮረፍኳት። ቻርጀሩ ግን ሠራ።

ከሁሉ የሚብሰው የመሪጌታ ገብረኪዳን ነው። መሪጌታ ከግቢያችን በላይ ባለው ደብር ዜማ የሚያስተምሩ፣ ሰው ሁሉ የሚያፍራቸው አባት ናቸው። ጎንደር ያለው ልጃቸው ሦስት ሳምንት ሳይደውልላቸው ቢቀር ረሳኝ ብለው አዝነው፣ ለተማሪዎቻቸው ሳይቀር አማርረው ነበር። ጸዳለ ስልካቸውን ተቀብላ አየች።

"መሪጌታ፣ ስልክዎ ምንም አልሆነም። ድምፁን ዘግተውታል። ልጅዎ አርባ አንድ ጊዜ ደውሏል።"

 "ረግሜው ነበር እኮ" አሉ መሪጌታ።

"ይመልሱታ" አለች።

እኔ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። መሪጌታ ግን ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚህ ከተማ ጸዳለን ስለ እውነቷ የሚወዷት ብቸኛው ሰው እሳቸው ሆኑ። እኔም በልቤ የማዕረግ ስም አወጣሁላት። "ሊቀ ጠበብት ዘኮምፒዩተር" ብዬ ጀመርኩ፤ በዛ። "መልአከ ገመድ" አልኩ፤ አነሰ። በኋላ በሚመጣው ታሪክ ምክንያት "መጋቤ ሶኬት" የሚለው ጸናላት።

ሥራ ፍለጋዋን ልንገራችሁ። በየማለዳው አብረን እንወጣለን፤ እኔ ወደ መወልወያዬ፣ እሷ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳዎቹ። ሰሌዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይላል፦ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያላት። "ልምዱን የሚሰጠው ማን ነው ታዲያ?" ትለኛለች። እኔም "ልምድ ያለው ሰው ነዋ" እላታለሁ። በአምስተኛ ክፍል ዕውቀቴ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ዘላለም የሚባል ስልክ ጠጋኝ አንድ ጊዜ ቀጠራት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ። የመጀመሪያው ደንበኛ ስልኩን ሰጣት፤ ከመሰኪያው ጉድፉን በመርፌ አወጣችና "ምንም አልሆነም፤ ኪስዎ ውስጥ ጥራጥሬ ይይዛሉ መሰለኝ" ብላ መለሰችለት። ዘላለም ወደ ጓዳ ጠራት።

"ደንበኛ ፊት ምንም አልሆነም አይባልም። እንየው ነው የሚባለው።"

"አይቼዋለሁ እኮ።"

"አይተሽም እንየው በይ። ሦስት ቀን ይቀመጥ።"

"ሦስት ቀን ተቀምጦ ምን ይሆናል?"

"ይከበራል። ሦስት ቀን ያልተቀመጠ ዕቃ ባለሙያ አየው አይባልም።"

በስድስት ሰዓት አሰናበታት። እኔ ምሳ ልበላ ስወጣ መንገድ ላይ አገኘኋትና "በቃ፣ ዛሬ እንኳ የሦስት ሰዓት ልምድ አለሽ" አልኳት። አልሳቀችም። እሷ ቀልድም ቢሆን ልክ መሆን አለመሆኑን ታጣራለች።

አንድ ሆቴል ውስጥ ፈተናውን አለፈች። ኢንተርኔታቸው የጠፋው የይለፍ ቃሉን ቀይረው ስለረሱት መሆኑን ነግራቸው እንኳ አለፈች። ከዚያ "ተያዥ አምጪ" አሏት። ተያዥ ማለት ዕቃ ቢጎድል እኔ ልጠየቅ ብሎ የሚፈርም፣ ቋሚ ሥራ ያለው ሰው ነው። ይህ ከተማ ያለ ተያዥ ቁልፍ አያስረክብም።

"የማን ልጅ ነሽ?" አሏት።

"የደምሴ።"

"የትኛው ደምሴ?"

"የእብናቱ።"

"እዚህ ማን ያውቅሻል?"

"እናንተ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትጠይቁኝ ነው የቆያችሁት።"

ሥራው ለሌላ ሰው ሄደ። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ፤ ልፈርምላት እችል ነበር። እሷ አልጠየቀችኝም፤ እኔም እንዳልሰማ ሆንኩ። የማላውቀውን ሰው ልጅ ጉድ ተሸክሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለፋሁበትን እንጀራ ላጣ ነው ብዬ ፈራሁ። የደከመው ሰው ደግነቱ ራሱ ወንበር ይፈልጋል።

ጥር አልፎ ጾሙ ሲገባ አባቷ ደወሉላት። ድምፁን ከፍታ ስለምታወራ እኔም ሰማሁ። "ልጄ፣ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ሞክሪ። ካልሆነ ነይ፤ የአጎትሽ ልጅ እህል መጋዘኑ ውስጥ ሚዛን ላይ ቦታ ይዞልሻል። ሥራው ጥሩ ነው። ጉድለቱ ኮምፒዩተር የለውም።"

ስልኩን ዘጋችና መፍቻዎቿን አንድ በአንድ በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። "እህል መመዘን አልጠላም" አለችኝ። "ግን እዚያ ከገባሁ አልወጣም። እጄ ይረሳዋል።"

ከዚያ የእኛ ቢሮ ኮምፒዩተር ሞተ።

የሞተው የአለቃችን የአቶ ይሻው ኮምፒዩተር ነው። አቶ ይሻው ጠንቃቃ ሰው ናቸው። "ለመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ካልሆነ በቀር በሶኬት የተጠቀመ ሠራተኛ በሕግ ይጠየቃል" የሚል ማስታወቂያ በየግድግዳው የለጠፉ እሳቸው ናቸው። ዓርብ ጠዋት ገብተው ቁልፉን ተጫኑ፤ ዝም። ደግመው ተጫኑ፤ ዝም። እጃቸውን አነሡና "ተቃጥሏል" አሉ።

አለቃ ተቃጥሏል ካለ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛ ሥር የሚያይ ማን አለ? ጸሐፊዋ "ሸቶኝ ነበር" አለች። የሒሳብ ሹሙ ጭስ ማየቱን አስታወሰ። ባለጉዳይ ሲመጣ "ሲስተም የለም" እየተባለ ተመለሰ። ሰኞ ኮሚቴ ተቋቋመ። ማክሰኞ ኮሚቴው ኮምፒዩተሩ ከአገልግሎት ውጭ መሆኑን በቃለ ጉባኤ አጸደቀ፤ አዲስ እንዲገዛ ደብዳቤ ወደ ዞን ሄደ። ረቡዕ ዕለት እኔ ሞኟ ሻይ ሳቀርብ "ጎረቤቴ የኮምፒዩተር ባለሙያ ናት፤ ለማንኛውም ብታየው" አልኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሥራ ላስገኝላት ብዬ ነው። አንድ የኮምፒዩተር ድጋፍ ባለሙያ ሊቀጥሩ እንደሆነ ሰምቼ ነበር።

ጸዳለ መጣች። ኮሚቴው እንደ ቆመ፣ አቶ ይሻው ክራቫታቸውን እንዳሰሩ፣ እሷ ከፋይል መደርደሪያው ኋላ በደረቷ ገባች። ቆየች። ከጠበቅሁት በላይ ቆየች። ከዚያ ኮምፒዩተሩ "ቲን" ብሎ በራ።

ብቅ አለች፤ ጸጉሯ ላይ አቧራ።

"ምንም አልሆነም" አለች። "አልተሰካም ነበር።"

ማንም አልሳቀም። ለዚህ ነው የከፋው። ሁሉም ሳቁን ይዞ ወደየቢሮው ሮጠ፤ ከየበሩ ኋላ እንደ ፈላ ድስት ሲንተከተክ ተሰማ። አቶ ይሻው ፊታቸው ጠቆረ። "ይህች ልጅ ሁለተኛ ከዚህ በር እንዳትገባ" ብለው ለዘበኛው ትእዛዝ ሰጡ።

በሳምንቱ የሥራ ማስታወቂያው ወጣ። ሥራው የእሷ ልክ ነው፤ ልምድ እንኳ አይጠይቅም። ለመመዝገብ ግን በበሩ ማለፍ ያስፈልጋል፤ ዘበኛውም "እህቴ፣ ለእኔም እንጀራዬን ተዪልኝ" ብሎ መለሳት። ሦስት ቀን ሄዳ ሦስት ቀን ተመለሰች። ምዝገባው የሚያበቃው ሆሳዕና ባለፈ በማግስቱ፣ ሰኞ ነው።

እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ቅዳሜ ዕለት መሪጌታ ገብረኪዳን ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "ሽማግሌ ይሁኑልን። ከሕማማት በፊት ያስታርቁልን።" መሪጌታም የቀበሌያችንን ሽማግሌ አቶ ባዩን ጨምረው እሺ አሉ። ሰዉ ደግነቴን አደነቀ። ደግነት አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ ትሰማላችሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁላችንም የዘንባባ ቀለበት በጣታችን እንዳደረግን አቶ ይሻው ደጅ ደረስን። አቶ ባዩ ከአጥሩ ሥር ደህና ድንጋይ መርጠው በሩ አጠገብ አስቀመጡ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ይገባል፤ የተበደለው "ይቅር ለእግዚአብሔር" ብሎ ያወርድለታል።

"ተሸከሚ ልጄ" አሉ መሪጌታ።

ጸዳለ ድንጋዩን አየችው፤ እንደ ኮምፒዩተር አገላበጠችው። "መሸከሙን እችላለሁ፣ መሪጌታ። ግን ለየትኛው ጥፋት ነው?"

"ሰውየውን በሰው ፊት አዋርደሻል" አሉ አቶ ባዩ።

"አልተሰካም ማለት ማዋረድ ነው?"

"ለሰካው አይደለም። ላልሰካው ነው።"

"በሰው ፊት መናገሬን ይቅርታ እላለሁ። ስለ ሶኬቱ ግን ድንጋይ ብሸከም ውሸት መሸከም ይሆንብኛል።"

አቶ ባዩ መሪጌታን አዩ። መሪጌታ ሰማዩን አዩ። ድንጋዩ በር ላይ ቀረና ባዶ ትከሻ ገባን።

አቶ ይሻው ነጭ ጋቢ ለብሰው ተቀበሉን። ቢሮ ውስጥ የማውቃቸው ሰው አልመሰሉኝም፤ ያነሱ፣ የተጎዱ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ካነሡ በኋላ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"አሥራ አንድ ዓመት አለቃ ሆኛለሁ። አሁን በኮሪደሩ ሳልፍ 'ሰክተውታል ወይ' ሲባባሉ እሰማለሁ። ዞን ለስብሰባ ብሄድ እዚያም ደርሷል። ባለፈው መብራት ሲጠፋ የገዛ ልጄ 'አባዬ ሰክተኸዋል?' አለኝ። የሰፈሩ መብራት በሙሉ ጠፍቶ እኮ ነው።"

መሪጌታ ሳላቸው። የእውነት ሳል አልነበረም። "እንግዲህ ልጄ" አሉ ወደ ጸዳለ ዞረው።

ጸዳለ ተነሥታ ቆመች። "አቶ ይሻው፣ ሰው በተሰበሰበበት በመናገሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለብቻዎ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። አልተሰካም በማለቴ ግን ይቅርታ ማለት አልችልም። አልተሰካም ነበርና።"

"ይኸው" አሉ አቶ ይሻው። "አሁንም እኔን ነቀልህ ትለኛለች።"

"እርስዎ አልነቀሉትም።"

 ከጓዳ የሚስታቸው የሰሐን ድምፅ ቆመ።

"ምን አልሽ?"

"እርስዎ አልነቀሉትም። የነቀለው ሌላ ሰው ነው። ያን ቀን ማንም አልጠየቀኝም።"

አቶ ይሻው ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ደረሱ። "ማን ነው?"

ጸዳለ ዝም አለች። በሕይወቷ ተጠይቃ ዝም ስትል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ስሙን ንገሪኝ" አሉ። "ስሙን ንገሪኝና ነገ ጠዋት ራሴ በሩ ላይ ቆሜ አስመዘግብሻለሁ።"

"አልነግርዎትም።"

"ምዝገባው ነገ ያበቃል።"

"አውቃለሁ።"

"እውነት ተናጋሪ ነኝ ስትይ አልነበረም?" አሉ አቶ ባዩ፣ እሳቸውም ጓጉተው።

"አባቴ በሬ ሲሸጥ የበሬውን ጉድለት ይናገራል" አለች ጸዳለ። "የባለቤቱን አይናገርም።"

አሁን ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ኮምፒዩተሩ ከመሞቱ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ሰፈራችን መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ስልኬም ሞቷል። ማታ ሁሉም ከወጣ በኋላ የአቶ ይሻውን ቢሮ ስወለውል፣ ከመደርደሪያው ኋላ ባለችው ሶኬት ላይ ያገኘሁትን አንድ ጥቁር ገመድ ነቅዬ ቻርጀሬን ሰካሁ። ስጨርስ ስልኬን ይዤ ሮጥኩ። ቻርጀሬን በማግስቱ ፈልጌ ሳጣው መንገድ ላይ የጣልኩት መሰለኝ። ኮሚቴው ሲቋቋም ሻይ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ነገሩ ከእኔ ጋር ይገናኛል ብዬ በህልሜም አላሰብኩም። ጸዳለ "አልተሰካም ነበር" ባለችበት ቀን ማታ ወደ ቤቴ ስገባ ግን፣ በክፍሌ በር ላይ ባለው ምስማር አንድ ነገር ተንጠልጥሎ አገኘሁ። ቀይ ፕላስተር የተጠቀለለበት ቻርጀር።

እውነት የማትውጠው ልጅ አንዲት እውነት ውጣ፣ ከመደርደሪያው ኋላ በኪሷ ይዛ ወጥታ ነበር። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አላነሣችብኝም። በሩ ሲዘጋባት እንኳ፣ ማስታወቂያው የእሷን ሥራ ይዞ ሲወጣ እንኳ። በየግድግዳው የተለጠፈውን የሶኬቱን ማስታወቂያ ቃል ታውቃለች፤ ስሜን ብትጠራ መወልወያዬን እንደማስረክብ ታውቃለች። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሽማግሌ ልኬ የእሷን ትከሻ ላስጎብስ መጣሁ።

ተነሥቼ ወጣሁ። ድንጋዩ በሩ አጠገብ እንዳለ ነበር። አቶ ባዩ ሲመርጡ ለወጣት ትከሻ ነው የመረጡት፤ ለአርባ ስምንት ዓመት ወገብ አይደለም። አንሥቼ ተሸከምኩትና ገባሁ። ሁሉም አፋቸውን ከፍተው አዩኝ።

"አቶ ይሻው" አልኩ፣ "የነቀልኩት እኔ ነኝ። ስልኬን ልሰካ ብዬ።"

"አንቺ? ፈንታነሽ?"

"እኔ።"

"ማስታወቂያውን አላነበብሽውም?"

"አንብቤዋለሁ። በሳምንት ሁለቴ እወለውለዋለሁ።"

አቶ ይሻው አንዴ ድንጋዩን፣ አንዴ እኔን አዩ። ድንጋዩ ከበደኝ። እንጀራዬ ከድንጋዩ ጋር ተንጠልጥላ ነበር።

"ስለዚህ እኔ አይደለሁም" አሉ።

"አይደሉም" አልኩ።

"እኔ አይደለሁም" አሉ ለመሪጌታ።

"አይደለህም ልጄ" አሉ መሪጌታ።

ከዚያ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ተነሡና ወደ ጓዳው በር ዞሩ። "ሰማሽ?" አሉ ለሚስታቸው። "እኔ አይደለሁም።" ፊታቸው እንደ ሆሳዕና ልጅ በራ። መጥተው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ። ድንጋይ የሚያወርዱ አይመስሉም ነበር፤ ጽዋ የሚቀበሉ ይመስሉ ነበር።

"እግርዎ ላይ እንዳያወርዱት" አለች ጸዳለ።

መሪጌታ ወዲያው ጸሎት ጀመሩ፤ አንድም ሰው ሐሳቡን ሳይቀይር። ዕርቁ የነቀለችውንም፣ የተናገረችውንም፣ ተቃጥሏል ያሉትንም ይሸፍናል ብለው ዘጉት።

ሰኞ ጠዋት አቶ ይሻው ቃላቸውን ጠብቀው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ለሚገባው ሠራተኛ ሁሉ "የነቀልኩት እኔ እንዳልሆንኩ ተጣርቷል" ይላሉ። ጸዳለ ስትመጣ ዘበኛው ራሱ በሩን በረገደላት።

ከዚያ በኋላ ማንም አላገዛትም፤ ማንም ማገዝ አላስፈለገውም። ለፈተናው አሥራ አንድ ሰው ቀረበ፤ ከእሷ ሌላ ካሉት አሥሩ ስድስቱ ልምድ ያላቸው ናቸው። የተበላሹ ሦስት ኮምፒዩተሮች ሰጥተው አንድ ሰዓት ፈቀዱላቸው። ጸዳለ በአሥራ ሰባት ደቂቃ ወጣች። ሁለቱን ጠግናለች። በሦስተኛው ወረቀት ላይ "ምንም አልሆነም፤ ስክሪኑ ብርሃኑ ተቀንሶ ነው" ብላ ጽፋለች። ፈታኙ መጥቶ አየ፤ ብርሃኑን ጨመረ፤ በራ። እሱም ተበላሽቷል ብሎ ነበር ያመጣው። ለዚያ ጥያቄ የተዘጋጀ ነጥብ ስላልነበረ አዲስ ነጥብ ፈጠሩለት። በፋሲካ ማግስት ውጤቱ ሲለጠፍ የጸዳለ ስም ከላይ ነበር፤ እኔ ሰሌዳውን ወልውዬ ስለነበር በደንብ ይነበባል።

ከዚያ ያ የተለመደ ቃል መጣ፦ ተያዥ። እስከ ዓርብ።

ዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ነው። ጸዳለ ወደ እኔ አልመጣችም፤ ክፍሏ ቁጭ ብላ ለአባቷ ልትደውል ስልኳን ይዛ አገኘኋት። "የምንፈርመው የት ነው?" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

"እትዬ ፈንታነሽ፣ ዕቃ ቢጠፋ የሚጠየቁት አንቱ ነዎት። መጀመሪያ ይወቁት።"

"ጉድለቱን ነገርሽኝ?"

"ነገርኩዎት።"

"እያወቅሁ ነው የምገዛው" አልኳት።

ሐሙስ ዕለት የሰው ሀብት ቢሮ ገባን። ያን ወለል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወልውዬዋለሁ፤ ወንበሩ ላይ ግን ተቀምጬ አላውቅም። የሰው ሀብት ኃላፊዋ "ይቀመጡ ወይዘሮ ፈንታነሽ" አለችኝ። አምስተኛ ክፍል ላይ የቀረች እጄ ፊርማዋ ለደመወዝ ካልሆነ ለሌላ ተፈልጎ አያውቅም ነበር። ብዕሩን ያዝኩ። ቅጹ ሁሉ መስመር በመስመር ነው። ቀስ ብዬ፣ ፊደሉን እያሳመርኩ፣ ስሜን እስከ አያቴ ጽፌ ፈረምኩ። ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያማረ ፊርማ ፈርሜ አላውቅም።

ጸዳለ ወረቀቱን ስባ አየች። እንደምትናገር አወቅሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር።

"እትዬ ፈንታነሽ፣ የፈረሙት በተቀጣሪው ቦታ ላይ ነው።"

"ታዲያ የተያዡ ቦታ?"

"ለእኔ ቀርቷል። የተቀጠሩት አንቱ፣ ተያዥዎ እኔ ሆንኩ ማለት ነው።"

ኃላፊዋ ሳቀችና ሌላ ቅጽ ልታመጣ ተነሣች። እኔ አልሳቅሁም። ወረቀቱን እያየሁ፣ በጾሙ በምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ያገኘሁትን ቻርጀር አሰብኩ፤ ልጅቱ ለሳምንታት ምን ፈርማልኝ እንደኖረች። ጸዳለ ያን የተበላሸ ቅጽ ልትቀደው ስትል "ተዪው" ብዬ አጥፌ በኪሴ ከተትኩት። አዲሱ መጣ። ጸዳለ ትክክለኛዋን መስመር በጣቷ ነካች፤ እኔም እዚያች ላይ ፈረምኩ።